ጣት የማይደርስበት ሙዚቃ፦ ገደቡ የት ላይ ነው?

ዛሬ ላፕቶፕ ያለው ማንኛውም ወጣት በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ሺህ ኖታ እንዲሰማ ማዘዝ ይችላል። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 አካባቢ የተጀመረው «ብላክ ሚዲ» የሚባል ዘውግ ከዚህ ተነስቶ ነው ዓለምን ያዳረሰው። በአንድ ዘፈን ውስጥ ኖታው እስከ ሚሊዮኖች ይከማቻል፤ የኖታው ገጽም ጠቅላላ ጥቁር ይሆናል። ስለዚህ ማሽን ሰው የማይችለውን ይጫወታል የሚለው ወሬ ማንንም አያስደንቅም። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ ጣት ከጨዋታው ሲወጣ ገደብ የሚባለው ነገር ጠፋ ወይስ ቦታ ቀየረ?

ቦታ ቀየረ ብለን እንከራከራለን። ከጣት ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ አየር፣ ከአየር ወደ መዶሻና ክር፣ በመጨረሻም ወደ ጆሮ ተሻገረ። ኮምፒዩተሩ ይህን ጉዞ ስለሚደብቀው ነገሩን አጥርቶ ለማየት ወደ ሜክሲኮ ሲቲ፣ ወደ ሙዚቃ ደራሲው ኮንሎን ናንካሮው መመለስ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ናንካሮው በ1912 አሜሪካ፣ አርካንሳስ ግዛት፣ ቴክሳርካና ተወለደ። ትራምፔት ነፊ ነበር፤ ጃዝም ተጫውቷል። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ከአሜሪካውያን ፈቃደኞች ጦር ከአብርሃም ሊንከን ብርጌድ ጋር ለሪፐብሊኩ ወገን ተዋጋ። ሲመለስ በግራ ዘመም አቋሙ የተነሳ የአሜሪካ መንግሥት ፓስፖርት ከለከለው። በ1940 ወደ ሜክሲኮ ተሻገረ፤ በኋላም ዜግነት ወስዶ በ1997 እዚያው አረፈ። የሚጽፈውን ምት በትክክል የሚጫወትለት ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። መፍትሔውን ያገኘው አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ሄንሪ ካወል በ1930 ካሳተመው መጽሐፍ ነው፤ ካወል ለሰው የሚከብድ የምት ድርድር በፒያኖላ (በተበሳ ወረቀት እየተመራ ራሱን በሚጫወት ፒያኖ) ወረቀት ላይ ተበስቶ ሊሰማ እንደሚችል ጠቁሞ ነበር። ናንካሮው በ1947 ከውርስ ባገኘው ገንዘብ ኒው ዮርክ ሄዶ ራሱን የሚጫወት ፒያኖና የወረቀት መብሻ ማሽን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት «ጥናት» እያለ በቁጥር የሰየማቸውን ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ሥራዎች አወጣ። ለረጅም ጊዜ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። ስሙ የገነነው ሀንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ጂዮርጂ ሊጌቲ ሥራውን ሰምቶ ከመሰከረለት በኋላ ነው፤ በ1982 የማክአርተር ሽልማት 300,000 ዶላር ሰጠው።

ከቀዳዳ ወደ ድምፅ

ፒያኖላው የሚሠራው በአየር ነው። አንጥረኛ ቤት ያለው ወናፍ አየር ይገፋል፤ የፒያኖላው ወናፍ ግን አየር እየሳበ ያወጣና የማሽኑን ሆድ ባዶ ያደርጋል። ወረቀቱ ከአንድ ጥቅል ወደ ሌላው ሲጠቀለል በናስ ዘንግ ላይ ይንሸራተታል። ዘንጉ በመደዳ የተበሱ ትናንሽ አፎች አሉት፤ እያንዳንዱ አፍ በቀጭን ቱቦ ከአንድ የፒያኖ ቁልፍ ጋር ተያይዟል። ወረቀቱ ሲሸፍነው አፉ ዝግ ነው። ቀዳዳ ሲመጣ የክፍሉ አየር ወደ ቱቦው ይገባል፣ ስስ የቆዳ ከረጢት ወደ ላይ ያብጣል፣ ቫልቭ ይነሳል፣ የዚያ ኖታ የሆነችው ትንሽ ወናፍም አየሯ ተስቦ ትኮማተራለች። ስትኮማተር መዶሻው ክሩን እንዲመታ ታደርጋለች። ወረቀቱ አፉን መልሶ ሲዘጋ ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር በመርፌ ቀዳዳ በምታክል ማስተንፈሻ ይወጣና ሁሉ ወደ ቦታው ይመለሳል።

የማሽኑ ትልቁ ወሰን ያለው በዚህች ማስተንፈሻ ላይ ነው። ከጠበበች ወይም አቧራ ከደፈናት ቱቦው ቶሎ አይተነፍስም፤ ኖታው ተጣብቆ ይቀራል፣ ወይም ሁለት ፈጣን ምቶች እንደ አንድ ይሰማሉ። ከሰፋች ደግሞ ከረጢቱን የሚያሳብጠው አየር ይሸሽና ኖታው ጭራሽ አይነሳም። ያረጀ የጎማ ቱቦ ከተሰነጠቀ ወረቀቱ ሳያዝ አየር ይገባል፤ ኖታው ያለማቋረጥ ይጮኻል። የናሱ አፍ በወረቀት ብናኝ ከተደፈነ ደግሞ በዚያ ረድፍ ላይ ያለ ኖታ ሁሉ ይጠፋል። አሮጌ ፒያኖላ ላይ የናንካሮውን ጥቅል ጭኖ «ሙዚቃው ዝብርቅርቅ ነው» ብሎ ከመፍረድ በፊት ኖታዎቹን አንድ በአንድ በዝግታ መፈተሽ ግድ ነው። በተራ ዘፈን ላይ የማይታወቅ የአንድ ኖታ መዘግየት እዚህ የአንድን ድምፅ መስመር ሙሉ በሙሉ ያፈርሳል።

ወረቀቱ 28.6 ሴንቲሜትር ስፋት አለው። የአሜሪካ አምራቾች በ1908 በተስማሙበት መለኪያ በአንድ ኢንች 9 ረድፍ ይሰለፋል፤ አንዱ ረድፍ ከጎረቤቱ 2.8 ሚሊሜትር ይርቃል ማለት ነው። ናንካሮው የተጠቀመበት አምፒኮ የሚባለው ዓይነት የዳር ረድፎችን ለድምፅ መጠን ትእዛዝ ስለሚወስድ ከ88ቱ ቁልፎች የሚያጫውተው 83ቱን ነው። ወረቀት እርጥበት ሲስብ ይሰፋል። ስፋቱ በመቶ ግማሽ እጅ ብቻ ቢጨምር 1.4 ሚሊሜትር ነው፤ ይህም በሁለት ረድፎች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ነው። ከዚህ ካለፈ ዳር ላይ ያሉት ቀዳዳዎች የጎረቤትን አፍ መክፈት ይጀምራሉ። ጥቅሎቹ በዝናብ ወራት ሲሳሳቱ ጥፋቱ የበሺው የሚመስላቸው ብዙ ናቸው።

ርዝመቱ ደግሞ ጊዜ ነው። ጥቅሉ ላይ ቴምፖ 70 የሚል ካለ ወረቀቱ በደቂቃ 7 ጫማ ይጓዛል፤ በሰከንድ 3.56 ሴንቲሜትር። አንድ ሚሊሜትር ወረቀት 28 ሚሊሰከንድ ነው። አንድን ቁልፍ ደጋግሞ ለማስመታት በሁለቱ ቀዳዳዎች መካከል ቱቦው የሚተነፍስበት ያህል ወረቀት መቅረት አለበት፤ ስለዚህ ድግግሞሹ ከተወሰነ ፍጥነት አያልፍም። የተለያዩ ኖታዎች ከሆኑ ግን ቀዳዳዎቹ በተለያየ ረድፍ ላይ ስለሆኑ የአንዱ መነሻ ከሌላው በሚሊሜትር ክፍልፋይ ቢቀድምም ችግር የለም። ጥናት ቁጥር 21 መጨረሻው ላይ በሰከንድ ከ100 ኖታ በላይ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ፍጥነቱን ያመጣው የወረቀቱ ስፋት እንጂ የአንዷ ወናፍ ቅልጥፍና አይደለም።

ብዙ ኖታ በአንድ ጊዜ ሲጠራ ሌላ ችግር ይመጣል። የምትኮማተር እያንዳንዷ ትንሽ ወናፍ ከጋራው ባዶ ሆድ ላይ ትበላለች። ሰላሳ ቁልፍ በአንዴ ሲነሳ የመሳብ ኃይሉ ይወርድና በጣም እንዲጮኽ የታሰበው ቦታ በተቃራኒው ይለሰልሳል። ከዚህም ሌላ ማሽኑ የድምፅን መጠን የሚያዘው ለባሱ ግማሽና ለላይኛው ግማሽ ለየብቻ ነው፤ በአንድ ግማሽ ውስጥ አንዱን ዜማ አጉልቶ ሌላውን በዚያው ቅጽበት ዝቅ ማድረግ አይቻልም። ፒያኒስት በአንድ እጁ ጣቶች ብቻ የሚያደርገውን ይህን ነገር ማሽኑ አልቻለም። ናንካሮው መልሱን በመዶሻው ላይ ፈለገ። ከሁለቱ ፒያኖዎቹ የአንዱን መዶሻዎች በብረት አለበሰ፤ የሌላው ላይ ቆዳ ለጠፈ። ድምፁ ደረቅና ስለታም ሆነ። ማጉላት ያልተቻለውን ዜማ ቢያንስ ጠርዙ እንዲለይ አደረገው።

ጥያቄው የፍጥነት ብቻ አይደለም

ብዙ ሰው ስለ ናንካሮው ሲያወራ የኖታውን ብዛት ያነሳል። በእኛ ግምት ትልቁ ሥራው ሌላ ነው፦ ብዙ ፍጥነቶች በአንድ ጊዜ አብረው እንዲሄዱ ማድረጉ።

የቺክቺካን ምት የሚያውቅ ጆሮ መነሻው አለው። ሁለትና ሦስት ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ እግር ሁለት ሲል ጭብጨባ ሦስት ማለት ይችላል፣ ከዚያ ይገናኛሉ። ይህ 2 ለ 3 ነው። በጥናት ቁጥር 36 ደግሞ አራት ድምፆች አንዱን ዜማ በ17፣ 18፣ 19 እና 20 ንፅፅር ይጫወቱታል፤ ፍጥነታቸው በደቂቃ 85፣ 90፣ 95 እና 100 ምት ነው። ዘገምተኛው ቀድሞ ይነሳል፣ ፈጣኖቹ በየተራ ይከተሉታል፣ አንድ ቦታ ላይ አራቱም ይደርሳሉ፣ ከዚያ በኋላ ፈጣኑ ቀድሞ እየራቀ ይሄዳል። ሙዚቃው ያለው ከመገናኛው በፊት ባለው መቃረብና ከመገናኛው በኋላ ባለው መለያየት ውስጥ ነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ሰው ሥራውን ከመሃል ይጀምራል። በመጀመሪያ የመገናኛው መስመር በወረቀቱ ላይ ይሰመራል። መገናኛው የሁሉም ድምፅ 200ኛ ምት ላይ ይሁን እንበል። በ100 የሚሄደው እዚያ ለመድረስ 120 ሰከንድ፣ በ85 የሚሄደው 141.2 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ዘገምተኛው 21.2 ሰከንድ ቀድሞ ይነሳል፤ በቴምፖ 70 ወረቀት ላይ ወደ 75 ሴንቲሜትር ነው። የፈጣኑ አንድ ምት 2.13 ሴንቲሜትር፣ የዘገምተኛው 2.51 ሴንቲሜትር ይሆናል። እዚህ ላይ የሚሠራው የተለመደ ስህተት ከአንዱ ምት ተነስቶ ቀጣዩን እየለኩ መሄድ ነው። በየምቱ አንድ ዐሥረኛ ሚሊሜትር ቢዛነፍ በ200 ምት 2 ሴንቲሜትር ይጠራቀማል፤ 0.56 ሰከንድ ነው፣ አንድ ሙሉ ምት ሊሞላ ምንም አልቀረው። መገናኛው ላይ አራቱ ድምፆች ይተላለፋሉ፣ ሥራውም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ርቀቱ ሁሉ ከመገናኛው መስመር በቀጥታ፣ በአንድ መለኪያ መለካት አለበት። የተሳሳተ ቀዳዳ ሲገኝ በስስ ማጣበቂያ ይደፈንና እንደገና ይበሳል፤ ማጣበቂያው ከወፈረ ግን ወረቀቱ ናሱ ላይ ሲያልፍ ይነሳና የጎረቤት አፎች አየር ያስገባሉ። ቀዳዳ በተጨናነቀበት ቦታም ወረቀቱ ይቀደዳል፤ ረጅም ኖታ እንደ አንድ ስንጥቅ ሳይሆን በመካከሉ ድልድይ እየተተወ በተከታታይ ቀዳዳዎች የሚበሳው ለዚህ ነው። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሙዚቃ የብዙ ወራት ሥራ መሆኑ ከዚህ በኋላ አይገርምም።

የናንካሮው መብሻ ማሽን መጀመሪያ ላይ በጥርስ እየተቆጠረ የሚራመድ ነበር፤ ቀዳዳው ጥርሱ ባለበት ቦታ ብቻ ይወድቃል። በኋላ ጥርሱ ቀርቶ የትም ቦታ መብሳት እንዲችል አስለወጠው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ቀስ እያለ የሚፈጥን ዜማ፣ ወይም በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሊጻፍ የማይችል ንፅፅር፣ የሚቻለው ከዚህ በኋላ ነው። በጥናት ቁጥር 33 የሁለቱ ፍጥነቶች ንፅፅር የ2 ስኩዌር ሩት ለ 2 ነው፤ በጥናት ቁጥር 40 ደግሞ «ኢ» የሚባለው የሒሳብ ቁጥር ለፓይ። በ85 እና በ100 የሚሄዱት ምቶች በየ12 ሰከንዱ ይገጥማሉ፤ እነዚህ ግን አንዴ ከተገናኙ ዳግመኛ በትክክል አይገናኙም።

በጥናት ቁጥር 37 ላይ ያሉት 12 ፍጥነቶች ደግሞ ከ150 ተነስተው 281.25 ይደርሳሉ። በመካከላቸው 180፣ 200፣ 225 እና 250 ይገኛሉ። እነዚህን በ150 ስናካፍል 6 ለ 5፣ 4 ለ 3፣ 3 ለ 2 እና 5 ለ 3 እናገኛለን። ሙዚቃ የተማረ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል፤ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ያሉ ድምፆች የንዝረት ንፅፅሮች ናቸው። ካወል ያሰበው ይህንኑ ነበር፦ ቅኝት በድምፅ ከፍታ ላይ ብቻ ሳይሆን በፍጥነት ላይም ሊኖር ይችላል።

ሁለት ማሽን ሲሆን

ጥቅሉ እየተጠቀለለ ሲሄድ ተቀባዩ እንዝርት ይወፍራል፤ ስለዚህ ወረቀቱ ይፈጥናል። ዲያሜትሩ 5 ሴንቲሜትር የሆነ እንዝርት ላይ 0.07 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 10 ሜትር ወረቀት ሲጠቀለል ዲያሜትሩ 5.8 ይሆናል፤ ፍጥነቱም በ16 በመቶ ይጨምራል። ይህ በአንድ ፒያኖ ላይ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ድምፆቹ ሁሉ የተጻፉት በአንድ ወረቀት ላይ ስለሆነ አብረው ይፈጥናሉ፣ ንፅፅሩም ይጠበቃል። ሁለት ፒያኖ ሲሆን ግን ሞተሮቹ እኩል አይዞሩም። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆርጅ አንታይል በ1920ዎቹ «ባሌ መካኒክ» የተባለውን ሥራ ለ16 ፒያኖላ ሲያስብ የወደቀው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጥቅሎችን እኩል የሚያስኬድ መንገድ በጊዜው ስላልነበረ ሥራው በአንድ ፒያኖላና በሰው ተጫዋቾች ቀረበ። እንደታሰበው የተሰማው በ1999 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ፣ ሎዌል ውስጥ በኮምፒዩተር በሚታዘዙ ፒያኖዎች ነው።

ኮምፒዩተሩ ታዲያ ገደቡን አላጠፋውም። ሚዲ፣ ማለትም ኮምፒዩተርና የሙዚቃ መሣሪያ የሚግባቡበት የትእዛዝ ቋንቋ፣ በጥንታዊው ገመዱ በሰከንድ 31,250 ቢት ያሳልፋል፤ አንድ ኖታ ለመጥራት 30 ቢት ይፈልጋል፣ ወደ 1 ሚሊሰከንድ ነው። 12 ኖታ ያለው ኮርድ ሲታዘዝ የመጨረሻው ከመጀመሪያው 11 ሚሊሰከንድ ያህል ይዘገያል። አዲስ የገመድ ዓይነት ይህን ያቃልለዋል፤ መዶሻው ግን ያው እንጨት ነው። በኃይል የተመታ መዶሻ በለስላሳ ከተመታው ቀድሞ ክሩ ላይ ስለሚደርስ በኮምፒዩተር የሚታዘዘው የያማሃ ፒያኖ ዲስክላቪየር ሁሉንም ኖታ ለግማሽ ሰከንድ አቆይቶ ጊዜውን ያስተካክላል። ለጨዋታው መጨናነቅም የኤሌክትሪክ አቅሙ ገደብ ያበጅለታል፤ ፒያኖላው በአየር የተቸገረውን ያህል ይህኛው በኃይል ይቸገራል።

የናንካሮው ጥቅሎች ዛሬ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል በሚገኘው የፓውል ዛኸር ፋውንዴሽን ይገኛሉ፤ ትሪምፒን የተባለው የማሽን ሙዚቃ ባለሙያም ወደ ሚዲ ለውጧቸዋል። ቅጂው የትኛው ኖታ መቼ እንደሚነሳ በትክክል ያስቀምጣል። የብረትና የቆዳ መዶሻውን ግን አይዝም። ያንኑ ፋይል በትልቅ የኮንሰርት ፒያኖ፣ ድምፅ በሚያስተጋባ አዳራሽ ማጫወት ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ሁለት ሰከንድ የሚቆይ ማስተጋባት በሰከንድ 50 ኖታ ሲሆን መቶ ኖታ አንድ ላይ ያንዣብባል ማለት ነው። ደረቅ ክፍል፣ ጠንካራ መዶሻ፣ ቅርብ ማይክሮፎን ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ላይ ብቻ የሚሠራ ሰውም ማስተጋቢያውን ማጥፋትና አጭርና ስለታም የፒያኖ ድምፅ መምረጥ አለበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ጆሮ ነው። አንድ ድምፅ በሰከንድ ከ20 ጊዜ በላይ ሲደጋገም ምትነቱ እየጠፋ ወደ አንድ ዝቅተኛ ጉርምርምታ ይለወጣል። ሁለት የተለያዩ ድምፆች ከ20 ሚሊሰከንድ ባነሰ ልዩነት ሲመጡ የቱ እንደቀደመ መለየት ያዳግታል። በሰከንድ 100 ኖታ ሲሆን በመካከላቸው ያለው 10 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ ከዚያ በላይ ኖታ ቢታከል አዲስ ዜማ አይታከልም፤ የደመናው ቀለም ይለወጣል እንጂ። ናንካሮው ይህን ያውቅ እንደነበር ሥራው ይመሰክራል። በጥናት ቁጥር 25 መጨረሻ ላይ በ12 ሰከንድ ውስጥ ከአንድ ሺህ በላይ ኖታ ያፈሳል፤ ያ ጎርፍ የሚያስደነግጠው በመጨረሻ ስለመጣ ነው። በጥናት ቁጥር 21 አንዱ ድምፅ እየፈጠነ ሌላው እየዘገየ ይሄዳል፤ መሃል ላይ ይተላለፋሉ። ጀማሪ አድማጭ ኖታውን ለመቁጠር ከሚጥር ያንን መተላለፊያ ብቻ ቢጠብቅ ሙዚቃው ይከፈትለታል።

«ሰው አይችለውም» የተባለውም እንደተባለ አልቀረም። ፒያኒስቱ ኢቫር ሚካሾፍ ከጥናቶቹ የተወሰኑትን ለብዙ ተጫዋቾች አዘጋጅቷቸው የጀርመኑ የሙዚቃ ቡድን ኤንሴምብል ሞደርን ቀርጿቸዋል። አንድ ሰው በሁለት እጁ የማይችለውን አራት ሰው በጆሮ ማዳመጫ የየራሱን የምት ምልክት እየሰማ ይችለዋል፤ የሚያስቸግረው ጣቱ አይደለም፣ ጎረቤትን እየሰሙ በጎረቤት ፍጥነት አለመወሰድ ነው። ናንካሮው ራሱ በ1980ዎቹ አርዲቲ ኳርቴት ለተባለው የአራት ተጫዋቾች ቡድን በጻፈው ሦስተኛው የክር ኳርቴት አራቱን ተጫዋቾች በ3፣ 4፣ 5 እና 6 ንፅፅር አስኬዷቸዋል። ከ17 ለ 18 ለ 19 ለ 20 ጋር ሲወዳደር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በአራት ቀስት የተያዙት እነዚያ አራት ፍጥነቶች ወናፏ የማትችለውን አንድ ነገር ይችላሉ፦ እያንዳንዱ ድምፅ በራሱ መጠን ከፍና ዝቅ ይላል።